በወረቀት የገደልኳቸው እናት

በዕድሜዬ ሰው ገድዬ አላውቅም፤ አንድ ጊዜ በወረቀት ካልሆነ በቀር። ሟቿ ሳዑዲ፣ ኹበር ከተማ ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራ የአንዲት የጎጃም ልጅ እናት ናቸው። እሳቸው አገራቸው ላይ እግራቸውን እያሻሹ በሕይወት ተቀምጠው ሳለ፣ እኔ እዚህ በእንግሊዝኛ ገድዬ፣ አልቅሼ፣ ቀበርኳቸው። የነገሩ መነሻ ደግሞ የዘገየ አውሮፕላን ነው። ይህን ሳልጽፍ ብሞት ደስ ይለኝ ነበር። ግን ታሪኩን የሚያውቁት ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እነሱ አሳምረው ከሚያወሩት እኔው አበላሽቼ ብጽፈው ይሻላል።

ያን ጊዜ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። አል ኹበር አል-ጀኑቢያ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ባለች አንዲት የዕቃ መላኪያ ሱቅ ተቀጥሬ፣ ወደ አገር ቤት በሚሄዱ ካርቶኖች ላይ የተቀባዩን ስምና ስልክ በወፍራም ቀለም እጽፋለሁ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ላይ የሰፈረው ሥራ ግን «ጫኝ» የሚል ነው። ካፊሌ፣ አሠሪዬ፣ ባየኝ ቁጥር ይስቃል፤ እኔም ካርቶን ለማንሳት ጎንበስ ስል እስቃለሁ፣ ቀና ስል ግን አልስቅም። በልቤ ሌላ ማዕረግ ነበረኝ። በጎልማሳነቴ፣ አገር ቤት ፍርድ ቤት ደጃፍ፣ ጃንጥላ ሥር፣ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበርኩ።

ማመልከቻ ጸሐፊ ምን እንደሚሠራ ለማያውቅ ልንገር። ባለጉዳዩ መጥቶ «ጎረቤቴ አጥሬን ገፋ» ይለኛል። እኔም «አጥሬን ገፋ» ብዬ ብጽፍለት ጃንጥላዬ ሥር ማን ይመጣል? ስለዚህ አጥሩ ሲገፋ ሕፃናት ብርድ ላይ ይወድቃሉ፤ አሮጊት እናት መግቢያ ታጣለች፤ ባለጉዳዩም «እንባዬን በክቡርነትዎ እግር ሥር አፈሳለሁ» ይላል። ዳኛው እንባ ያልነካውን ወረቀት አያነብም ብለን እናምን ነበር። ባለጉዳዩም ሲነበብለት መከራውን እንደ አዲስ ሰምቶ ያለቅሳል። ያላለቀሰ እንደሆነ ቅር ብሎት ወደሚቀጥለው ጃንጥላ ይሄዳል።

ይህን ሙያ ሳዑዲ ድረስ ይዤው መጣሁ። ከልጅቷ ጉዳይ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከአገር ቤት ስመለስ በረራዬ ዐሥራ ስድስት ሰዓት ዘገየ። ጎረቤቴ የሆነ ግብፃዊ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ «አየር መንገድ ሲዘገይ ካሳ ይከፍላል፤ ሄደህ ጠይቅ» አለኝ። ሄጄ የጠየቅኩ እንዳይመስላችሁ። ጻፍኩ። ሦስት ገጽ! የደም ግፊቴን፣ ነጭ ፀጉሬን፣ ወንበር ላይ የተኮራመተ ወገቤን ደረደርኩት። እውነቱን ለመናገር ያን ሁሉ ሰዓት በአብዛኛው ተኝቼ ነው ያሳለፍኩት። ገንዘቡ መጣ። ያስለቀቀውም ነጭ ፀጉሬ መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ ሐበሻው ሁሉ «ከአውሮፕላን ላይ ገንዘብ ያወረዱት ሽማግሌ» ይለኝ ጀመር። እኔም «ተዉ እንጂ» እያልኩ፣ እንዲደግሙልኝ ሱቁ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ልጅቷ አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ መጣች። ማዳሟ አርብ አርብ ለጥቂት ሰዓት ትለቃታለች። ለግንቦት ልደታ እናቷ ዘንድ ልትደርስ የዐሥር ቀን ፈቃድ አግኝታ፣ ሻንጣዋን ይዛ ደማም አየር ማረፊያ ሄዳ ነበር። በረራው መጀመሪያ አራት ሰዓት ዘገየ ተባለ። ከዚያ ለነገ ተባለ። ነገ ሲደርስ ደግሞ ከሦስት ቀን በኋላ ሆነ። ይኼኔ ማዳሟ ሾፌር ልካ መለሰቻት።

«‹ኸላስ፣ በቃ፣ ረመዳን ሊገባ ነው፣ ቤት ይታጠባል፤ ከዒድ በኋላ ትሄጃለሽ› አለችኝ። ክፉ ሆና አይደለም አባባ፤» አለች። «ግን እማዬን ካየኋት አራት ዓመቴ ነው።»

«ካሳ አለሽ!» አልኳት ደረቴን ነፍቼ።

«ካሳው ቢቀር፣ አንድ ሰው ይቅርታ ቢለኝ ይበቃኝ ነበር።»

«ይቅርታውንም ካሳውንም አመጣልሻለሁ። ለመሆኑ እናትሽ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናት። እግሯን ያማታል እንጂ።»

«እንግዲያው ታመው ነው የምትሄጂው።»

«እግሯን እኮ ነው!»

«እግር በሽታ አይደለም? አንቺ ዝም በዪ፤ የማውቀውን ሥራ ልሥራበት።»

ደብዳቤውን በሱቁ ኮምፒዩተር ላይ ጻፍኩት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ እናት እግራቸውን ታመዋል። ለእግር ግን ማን ያዝናል? ሁለተኛው ገጽ ላይ ሕመሙ ወደ ልብ ወጣ። ሦስተኛው ላይ አልጋ ይዘዋል፤ ዓይናቸው በሩ ላይ ነው፤ «ልጄ አልመጣችም?» ይላሉ። አውሮፕላኑ አልተነሳም። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር፤ ጣቴ ግን አልቆም አለኝና ገደልኳቸው። «ይህች ምስኪን እናቷን አፈር ሳታለብስ ቀረች» ብዬ አራት ነጥብ ሳደርግ የገዛ እንባዬ ጠብ አለ። ጥሩ ሥራ ነው አልኩ፤ ለራሴ።

በሳምንቱ አርብ ልትፈርም መጣች። እንግሊዝኛ አታነብም።

«ምን ይላል አባባ?»

«የነገርሽኝን ነው። ትንሽ ቅመም ጨምሬበታለሁ።»

አመነችኝና ፈረመች። ፊርማዋ እንደ ተማሪ ልጅ ሙሉ ስሟ ነበር፤ ፊደል በፊደል፣ እየተጠነቀቀች። ይህን ስጽፍ እንኳ ጆሮዬ ይግላል።

እሑድ ዕለት ደብዳቤውን ኹበር ወዳለው የአየር መንገዱ ቢሮ ወስጄ፣ ባንኮኒው ጋ ለተቀመጠው ህንዳዊ ሰጠሁና ሥራ የበዛበት ሰው መስዬ ወጣሁ። ያልቆጠርኩት ነገር፣ በዚያ ቢሮ ሻይ የምታፈላውና ወለል የምትወለውለው የእኛው ሴት መሆኗን ነው። በኹበር ሐበሾች መካከል ትልቅ እህት ናት። የታመመ የምትጠይቅ፣ የተጣላ የምታስታርቅ፣ አርብ አርብም ሴቶቹን ክፍሏ የምትሰበስብ እሷ ናት።

ማክሰኞ፣ ለዐስር፣ ለከሰዓቱ ሶላት፣ የሱቁን መዝጊያ ጎትቼ ዝቅ ሳደርግ ሾልካ ገባች። ነጠላ ጫማዋ ገና እርጥብ ነበር።

«ጋሼ፣ እስከ መቼ ብቻዎን ይዘውት ይቆያሉ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ከእኔም ይደብቃሉ? ህንዱ የደብዳቤውን መጨረሻ አንብቦ ‹ሚስኪን፣ የአገርሽ ልጅ እናቷ ሞተችባት› አለኝ። መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ ልጅቷ ባለፈው አርብ ስትስቅ ነበር። ኋላ ገባኝ። መርዶው ከአገር ቤት ለእርስዎ ደርሷል። ለጉዳዩ ሲሉ እዚያ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ለእሷ ግን ጊዜው እስኪደርስ አልነገሯትም። ሽማግሌ ማለት እንዲህ ነው!» ብላ ትከሻዬን ሳመችኝ።

አፌን ከፈትኩ። ምስጋናው ቀድሞ ገባበት።

«ውሸት ነው፣ አልሞቱም» ማለት ሦስት ቃል ብቻ ነው። እኔ ሦስት ገጽ ለመጻፍ ያልሰነፍኩት ሰውዬ ሦስት ቃል አቃተኝ። ጥሩ ሽማግሌ ተብዬ አላውቅማ! ጥሩ ቀልደኛ ተብያለሁ፣ ጥሩ ቀበጥ ተብያለሁ። በስተእርጅና የመጣ ክብር እንዴት ይመለሳል? ጉሮሮዬን ጠርጌ «እስቲ ትንሽ እንቆይ» አልኩ። እሷም ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ አልፈለገችም።

አገር ቤት መርዶ የሚነገረው በጠዋት ነው፤ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሰውየው ከቤት ሳይወጣ። እዚህ በጠዋት ሄደን ብናንኳኳ በሩን የምትከፍተው ማዳም ናት። ስለዚህ ሐዘንም እንደ እኛው አርብን ይጠብቃል። ሴቶቹ ለአንድ አርብ ታግሠው በሚቀጥለው ሊነግሯት፣ ቃሉን የምናገረው ደግሞ እኔ እንድሆን ተስማሙ።

በዚያች የትዕግሥት አርብ የሆነውን ኋላ ከልጅቷ ነው የሰማሁት። ሁሉም ጥቁር ዓባያ በሚለብስበት አገር ሐዘን በልብስ አይታወቅም፤ የሚታወቀው በደግነት ነው። እጇን አስታጠቧት። ትልቁን ሥጋ ለእሷ አወጡላት። ሰሐን ላጥብ ስትል «አንቺ ቁጭ በዪ» አሏት። ሁልጊዜ በጎጃም አነጋገሯ የምታሾፍባት ሴት እንኳ ዝም ብላ ፀጉሯን ሠራችላት። ሐበሻ ያለ ምክንያት እንዲህ ሲለሳለስ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሐበሻ የለም። ልጅቷ ከዚያ ወጥታ ባሕር ዳር ላለችው እህቷ ደወለች፤ «እማዬን አገናኚኝ» አለቻት። እህቷም «እማዬ ለእግሯ ጸበል ገብታለች፤ እዚያ ስልክ አይሠራም» አለች።

እሑድ ጠዋት፣ ማዳሟ ዕቃ እንድትገዛ ከሾፌሩ ጋር ስትልካት ወደ እኔ ሱቅ አስመጣችው። ፊቷ አብጧል።

«አባባ፣ እማዬ ሞታለች። አይደል?»

መቼም በዚያች ሰዓት ያላፈርኩ እንደሆነ መቼ አፍራለሁ? ነገርኳት። ሁሉንም። እናቷ ደህና እንደሆኑ፣ የገደልኳቸው እኔ እንደሆንኩ፣ ጣቴ አልቆም እንዳለኝ። እሷ አንገቷን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጋ በትዕግሥት ሰማችኝ፤ ልክ ሕፃን ሲቀባጥር እንደሚሰማ።

«እንዲህ እንዲሉኝ ማን ነገረዎት?» አለችኝ ስጨርስ።

«ማንም! እውነት ነው! ጸበል ናቸው!»

«አባቴ የሞተ ጊዜም ‹ጸበል ነው› ነበር ያሉኝ። ሁለት ወር ሙሉ ጸበል ነበር።»

«በማርያም እምልልሻለሁ።»

«አጎቴም በማርያም ምሎልኝ ነበር።»

ያኔ የሰው ሁሉ የመጨረሻ ሞኝ የሚያደርገውን አደረግኩ። ውሸቴን ታይልኝ ብዬ የደብዳቤውን ቅጂ አውጥቼ በአማርኛ እየተረጎምኩ አነበብኩላት። እግር አልኩ። ልብ አልኩ። «ዓይናቸው በሩ ላይ ነው፤ ‹ልጄ አልመጣችም?› ይላሉ» ስል፣ እዚያው የካርቶን ክምር ላይ ተቀምጣ «እምዬ!» አለች። ማመልከቻዬ ሲነበብለት ያለቀሰ ሰው ስንቱን አይቻለሁ፤ ሁልጊዜም ደስ ይለኝ ነበር። ይኸኛውን ለቅሶ እንዴት እንደማስቆመው አላውቅም። ውጭ ሾፌሩ ጥሩንባውን ሲነፋ ዓይኗን በዓባያዋ ጫፍ ጠርጋ ወጣች። ቻው አላለችኝም። ለነገሩ ገዳይን ማን ቻው ይላል?

ከሟች አፍ በቀር ማንም እንደማያሳምናት ገባኝ። ልጅቷ ቀደም ሲል በሱቃችን ከላከችው ካርቶን መዝገብ ላይ የእህቷን ስልክ አግኝቼ ደወልኩ።

«ከሳዑዲ ነው፤ የእህትሽ ወዳጅ ሽማግሌ ነኝ። እባክሽ እናትሽን ከጸበሉ አምጥተሽ ስልክ ላይ አቅርቢልኝ።»

ከዚያ «እህቴን ምን አደረጋችኋት!» የሚል ጩኸት መጣ። የማላስበው ሰውዬ! ከሳዑዲ የማታውቂው ሽማግሌ ደውሎ እናትሽን ጥሪ ቢልሽ ሌላ ምን ታስቢያለሽ? እናትየው ሳይነሱ አሁን ደግሞ ልጅቱን ገደልኩ። «ለእሷ ራሷ ደውዪላት!» እያልኩ ለመንኳት። ደወለችላት። ሁለቱ እህትማማቾች፣ አንዷ የሌላዋን ቃል እየተጠራጠረች፣ ካርዳቸው እስኪያልቅ ተላቀሱ። በማግሥቱ እህትየው እናታቸውን ስልክ ወደሚሠራበት ልታወጣ ጸበሉ ወዳለበት ጉዞ ጀመረች።

ሻይ ለምታፈላዋ ትልቋ ሴት የነገርኳት ሰኞ፣ በዚያው በሶላት ሰዓት፣ መዝጊያው ዝቅ እንዳለ ነው። ትሳደባለች ብዬ ነበር። አልተሳደበችም። ትከሻዬን የሳመችበትን ቦታ ትንሽ አየችው።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ትልቅ ሰው አግኝተን ነበር ብዬ...» አለችና ተወችው። በር ላይ ስትደርስ ዞር ብላ «አርብ መጥተው በራስዎ አፍ ይናገራሉ። በወረቀት አይደለም፤ በአፍ» አለችኝ።

አርብ ከሰዓት በኋላ ክፍሏ ውስጥ ስድስት ሴቶች ነበሩ። ልጅቷ ጥግ ይዛለች፤ ሳምንቱን ሙሉ እህል አልቀመሰችም፣ ማዳሟ ሐኪም ልጥራ ብላ ነበር። እኔ በር ሥር፣ ጫማ የሚወልቅበት ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። ተናገርኩ። ቀልድ ሳልጨምር የተናገርኩት የዕድሜዬ የመጀመሪያው ንግግር ሳይሆን አይቀርም። ልጅቷ ቀና አላለችም። አሁንም ማጽናኛ ነው የመሰላት።

ስልኩ ጮኸ። ትልቋ ሴት ድምፁን ለሁሉም ከፈተችው።

«ሃሎ! አንቺ ልጅ! ድምፅሽ የታለ?»

የሴት ድምፅ ነው፤ ሻካራ፣ የደከመው። ልጅቷ አላመነችም። አክስት ልትሆን ትችላለች፤ ድምፅ የሚመስል ዘመድ አይጠፋም። ቆይታ፣ በቀስታ፣ «እማዬ፣ የትኛው እግርሽ ነው የሚያምሽ?» አለች።

«ግራው ነዋ! ረሳሽው? ደግሞ ያ የላክሽልኝ ካልሲ ጠበበኝ። ምነው የሕፃን ካልሲ ላክሽልኝ? በዚህ ባበጠ እግሬ!»

የሞተ ሰው ስለ ካልሲ አያማርርም። ልጅቷ ስልኩን ከትልቋ ሴት እጅ ነጥቃ ጉንጯ ላይ ለጠፈችው፤ ትተነፍስበታለች ብቻ። ሴቶቹ ሁሉ ያዘጋጁትን ለቅሶ በደስታ አወጡት። እኔ ጫማዎቹን አያለሁ።

ትንሽ ቆይቶ «ያ የገደለኝ ሰውዬ እዚያ አለ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ በር ሥር ደረሰ።

«ጤና ይስጥልኝ፤» አልኩ።

«አንቱ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«ስልሳ ስምንት።»

«እኔ ሃምሳ አራቴ ነው። ምነው ወረፋ አያውቁም?»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ስል እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ አለቀሰች?»

«አዎ።»

«ስንት ቀን?»

«ስድስት ቀን።»

«እህል በላች?» አሉኝ። «አልበላችም» አልኩ። አልረገሙኝም። ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር። «በሉ አሁን ያብሏት፤» አሉና ስልኩን ለልጃቸው እንድመልስ ነገሩኝ። እኔም ተነሥቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ለልጅቷ አጎረስኳት። አንድ ጉርሻ ተቀበለችኝ። ሁለተኛውን «ይበቃኛል አባባ» ብላ ራሷ ቆረሰች።

ረመዳን በገባ በሳምንቱ ከእሷ ጋር ወደ አየር መንገዱ ቢሮ ሄድን። አየር መንገዱ ደብዳቤዬን ተቀብሎ በእናቷ ሞት የተሰማውን ሐዘን ገልጾ፣ የሞት ማስረጃ እንድናያይዝ ጠይቋል። ቀልዱን ማን እንደጀመረው ባላውቅ ኖሮ እስቅ ነበር። ህንዳዊው አዲሱን ደብዳቤዬን አነበበ። አራት መስመር ብቻ ነው።

«አልሞቱም?» አለኝ በዐረብኛ።

«አልሞቱም።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለና ከመሳቢያው አንድ ገጽ ቅጽ አወጣ። የተሳፋሪ ስም፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ የበረራ ቁጥር፣ መነሣት የነበረበት ሰዓት፣ የተነሣበት ሰዓት። አለቀ።

«ይህን መጀመሪያ ለምን አልሰጠኸኝም?» አልኩት።

«መቼ ጠየቅከኝ? ወረቀትህን ጥለህ ሮጥክ።»

«የእኔስ የአምናው? ያን ሁሉ ጽፌ...»

«ሰዓቱን አይተን ነው የከፈልንህ። ሌላውን ማን ያነባል? ሦስት ገጽ ነው እኮ!»

ነጭ ፀጉሬን በእጄ ዳሰስኩት። ስክሪብቶ ከኪሴ አወጣሁና፣ ከልማድ፣ ቅጹን ወደ ራሴ ሳብኩ። ልጅቷ ስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደችው፤ በትሕትና ነው የወሰደችው፣ ግን ወሰደችው።

«ይተዉት አባባ። ፊደሉን ብቻ ካበላሸሁ ይንገሩኝ።»

ስሟን ከፓስፖርቷ ላይ እያየች ገለበጠች። ሰዓቱን ሞላች። ጨርሳ ቀና አለችና ህንዳዊውን «የእናት ስም የሚጻፍበት ቦታ አለ?» ብላ ጠየቀችው።

«ማፊ፤» አላት፣ የለም ማለቱ ነው።

«ተመስገን፤» አለች፣ እኔን ሳታይ።

ካሳው መጣላት። ስንት እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ አልነገረችኝም። ከዒድ በኋላ አገሯ ሄደች፤ አውሮፕላኑ በሰዓቱ ተነሣ። ስትመለስ አንዲት የፕላስቲክ ጠርሙስ አመጣችልኝ፤ ውስጡ ውኃ ነው።

«ከእማዬ ነው፤ ከጸበሉ። ‹ለዚያ ሰውዬ ስጪው፣ የጻፈበትን እጁን ይታጠብበት› ብላለች።»

ሱቁን ዘግቼ፣ ካርቶኖቹ መካከል ቆሜ ቀኝ እጄን ታጠብኩ። ከዚያ ደብዳቤውን በኮምፒዩተር የመታሁት በሁለቱም እጄ እንደነበር ትዝ ሲለኝ ግራውንም ጨመርኩ።